«የጠፋ ኮይን ለቀሪዎቻችን ስጦታ ነው» ለሚሉን

«21 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከዚያም አራት ሚሊዮን ያህሉ ለዘለዓለም ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ ግዙ፣ ነገ አታገኙትም!»

ስለ ክሪፕቶ በአማርኛ የሚያወሩ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ይህን ስብከት በአንድም በሌላም መልኩ ሳይሰማ አይውልም። ሥልጠና የሚሸጠው ይለዋል፣ «ሲግናል» የሚሸጠው ይለዋል፣ በኮሚሽን የሚያሻሽጠውም ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትልቅ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «የጠፋ ኮይን ሁሉ ለኛ ስጦታ ነው» ብሎ ይጨርሳል።

ይህን የምጽፈው ቢትኮይን ማጭበርበሪያ ነው ለማለት አይደለም። ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብዬ ለመተንበይም አይደለም፤ ለዚያ ጠንቋይ ሞልቷል። የምጣላው ከዚያች ከመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ጋር ነው። በሒሳብ ደካማ ናት፣ በመረጃ አልተረጋገጠችም፣ በሞራል ደግሞ ታሳፍራለች። ከሁሉ የከፋው ግን አዲስ ገቢውን ሊያስጠነቅቀው የሚገባውን ነገር እንደ ምርቃት አድርጋ የምታቀርብለት መሆኗ ነው።

(ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

1. በመጀመሪያ እውነት የሆነውን እንመን

ገደቡ እውነት ነው። ቢትኮይን ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ሲጀመር፣ በየአሥር ደቂቃው ገደማ በሚፈጠረው እያንዳንዱ ብሎክ 50 አዲስ ኮይን ይወጣ ነበር። በየ210,000 ብሎኩ፣ ማለትም በየአራት ዓመቱ ግድም፣ ይህ መጠን በግማሽ ይቀነሳል። በ2012 ወደ 25፣ በ2016 ወደ 12.5፣ በ2020 ወደ 6.25፣ በ2024 ደግሞ ወደ 3.125 ወርዷል። እንዲህ እየተገመሰ ሄዶ በ2140 ገደማ ያበቃል። ድምሩ ከ21 ሚሊዮን በጥቂቱ ያንሳል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋው ከወዲሁ ወጥቶ አልቋል።

የጠፋ መኖሩም እውነት ነው። የመጀመሪያው ብሎክ 50 ኮይን በሶፍትዌሩ አሠራር ምክንያት ማንም ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ቢትኮይን የሻይ ዋጋ እንኳን ባላወጣበት ዘመን ከነኮምፒውተሩ የጣለው ብዙ ነው። ፕራይቬት ኪይ የሚባለውን ምሥጢራዊ ቁልፍ የረሳም፣ ለማንም ሳይነግር የሞተም አለ። ቼይናሊሲስ የተባለው የብሎክቼይን ትንተና ኩባንያ በ2017 ባወጣው ግምት የጠፋውን ከ2.78 እስከ 3.79 ሚሊዮን አድርሶት ነበር። «አራት ሚሊዮን» የምትለዋ ቁጥር የዚህ ግምት ከፍተኛ ጫፍ ተጠጋግታ ነው።

የስጦታው ሐሳብም የሰባኪዎቻችን ፈጠራ አይደለም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የምናውቀው የቢትኮይን ፈጣሪ ራሱ በ2010፣ የጠፉ ኮይኖች የሌሎቹን ዋጋ በጥቂቱ እንደሚጨምሩና ለሁሉም እንደተደረገ ልገሳ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ጽፏል። «በጥቂቱ» ማለቱን ልብ በሉ። የኛዎቹ «በጥቂቱ» የምትለዋን መንገድ ላይ ጥለው «ልገሳ»ዋን ብቻ ይዘውልን መጡ።

2. ስጦታው ስንት ነው?

እስኪ እናስላው። ለስሌት እንዲቀለን አንድ ቢትኮይን 100,000 ዶላር ነው እንበል፤ የወጣው ጠቅላላ መጠንም 20 ሚሊዮን ይሁን። አንድ ሰው 100 ቢትኮይን ጠፋበት። የ10 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ነው። ይህ ኪሳራ አንዲት ሳትባክን ለቀሩት ባለቤቶች እንደየድርሻቸው ተከፋፈለ ብለን እንቀበል።

እናንተ 0.01 ቢትኮይን አላችሁ፤ 1,000 ዶላር መሆኑ ነው። የሚደርሳችሁ ስጦታ አምስት ሳቶሺ ነው። ሳቶሺ የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ክፍል ናት። በዶላር ሲመነዘር ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም። አንድ ሰው 10 ሚሊዮን ዶላር አጥቶ ለእናንተ የደረሳችሁ ይኼ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቀድሞ ማይክሮስትራቴጂ ይባል የነበረውን ስትራቴጂ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ እንውሰድ። ከ500,000 በላይ ቢትኮይን ይዟል። በዚያው ስሌት የሱ ድርሻ 250,000 ዶላር ይሆናል። «ለሁላችንም ስጦታ» የተባለው ልገሳ እንግዲህ እንዲህ ነው የሚከፋፈለው፦ ብዙ ላለው ይዘንባል፣ ጥቂት ላለው አያረጥብም።

አሁን የሰባኪው ስሌት ያልነካትን ሌላዋን ጎን እዩ። ከሌላ ሰው መጥፋት የምታገኙት ግማሽ ሳንቲም ነው። ከራሳችሁ መጥፋት የምታጡት 1,000 ዶላሩን በሙሉ ነው። ይህን ውል አንብቦ «ተመረቅሁ» ብሎ የሚፈርም ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ፈልጉልኝ።

3. ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም

«ከ21 ሚሊዮን አራት ሲቀነስ 17» የሚለው ሒሳብ ሌላም ችግር አለበት። የጠፋውን ኮይን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ብሎክቼይኑ ላይ ቁልፉ የጠፋበት ኮይንና ባለቤቱ ታግሦ ያስቀመጠው ኮይን አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የጠፋው መጠን የሚገመተው «ይህን ያህል ዓመት ካልተንቀሳቀሰ…» በሚል ነው።

ይህ ግምት ሲከሽፍ አይተናል። በጁላይ 2025 እያንዳንዳቸው 10,000 ቢትኮይን የያዙ፣ ለ14 ዓመት ንቅንቅ ያላሉ ዋሌቶች ድንገት ነቁ፤ በድምሩ 80,000። በዚያው ወር ጋላክሲ ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ለአንድ የጥንት ባለሀብት ከ80,000 በላይ ቢትኮይን ሸጬ ጨረስኩ አለ። ማውንት ጎክስ የተባለው የጃፓን መገበያያም በ2014 ሲወድቅ 850,000 ቢትኮይን ጠፋ ብሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 200,000 ያህሉ በአሮጌ ዋሌት ውስጥ ተገኘ።

የሳቶሺ ራሱ ነው ተብሎ የሚገመተው አንድ ሚሊዮን ገደማ ኮይንም እንዲሁ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጠፍቷል? ባለቤቱ ሞቷል? ወይስ ቁጭ ብሎ ያየናል? በዚያ ላይ በጥንታዊዎቹ አድራሻዎች የተቀመጡ ኮይኖች ወደፊት ኃይለኛ ኳንተም ኮምፒውተር ቢመጣ ሊሰረቁ ይችላሉ የሚል ስጋት አለ። በ2025 ጄምሰን ሎፕን ጨምሮ አንዳንድ ገንቢዎች፣ ወደ አዲስ መከላከያ ያልተዛወሩ ኮይኖች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንዳይንቀሳቀሱ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በሌላ አነጋገር «ለዘለዓለም ጠፋ» የተባለው ኮይን አንድም በሌባ እጅ ሊመለስ፣ አንድም በሰዎች ስምምነት ሊታገድ ይችላል። በዚህ ላይ ቆሞ «እጥረቱ የተረጋገጠ ነው» ማለት ድፍረት ነው።

4. የጨው ክምር ሲናድ

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ምክንያቱም «ጠፋ» በሚለው ቃል ውስጥ ሁልጊዜ የጠፋበት ሰው አለ።

ጄምስ ሃውልስ የዌልስ ሰው ነው። በ2013 ወደ 8,000 ገደማ ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ድራይቩ ከቆሻሻ ጋር ተጣለ። ቆሻሻ መጣያውን ልቆፍር ብሎ የኒውፖርትን ከተማ ምክር ቤት ለዓመታት ለመነ፤ አልፈቀዱለትም። ፍርድ ቤት ሄደ። በጃንዋሪ 2025 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት።

ስቴፋን ቶማስ ሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር ፕሮግራመር ነው። 7,002 ቢትኮይን አለው፤ ቁልፉ ያለው አሥር ጊዜ ብቻ የይለፍ ቃል በሚያስሞክር ፍላሽ ውስጥ ነው። የይለፍ ቃሉን የጻፈበት ወረቀት ጠፋ። ታሪኩ በ2021 ሲወጣ ስምንቱን ሙከራ ጨርሶ ሁለት ቀርቶት ነበር።

ሁለቱም ኮምፒውተር የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ሁለቱም ብዙዎቻችን ስሙን እንኳን ሳንሰማ ቢትኮይን የገባቸው ናቸው። እነሱ ላይ የደረሰ እኛ ላይ የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ጠፋ» ማለት አንዳንዴ መሸፈኛ እንደሚሆንም አትርሱ። ኳድሪጋ የተባለው የካናዳ መገበያያ ኃላፊ ጄራልድ ኮተን በዲሴምበር 2018 ሕንድ ውስጥ ሲሞት፣ ቁልፎቹን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር የደንበኞች ገንዘብ ተቆልፎ ቀረ ተባለ። ዓለም «ሲያሳዝን» አለ። በኋላ የኦንታሪዮ የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ መርምሮ በ2020 የደረሰበት ድምዳሜ ግን ኩባንያው የተፈጸመበት ማጭበርበር ነው የሚል ነበር። 76,000 ገደማ ደንበኞች «በጠፋ ቁልፍ» ታሪክ ተጽናኑ ተብለው ነበር።

አባቶቻችን «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይላሉ። ጨው በአገራችን ገንዘብ ሆኖ ስላገለገለ ተረቱ የዋዛ አይደለም። ሞኙ የሚልሰው ጨው ጣፍጦት ነው፤ የተናደው ክምር የጋራ መሆኑ አልታየውም። በኮይን መጥፋት ደስ የሚለው ሰው የሚልሰው ይህንኑ ነው። የሃውልስን ሃርድ ድራይቭ የበላው ሥርዓትና የሱን ዋሌት የያዘው ሥርዓት አንድ ነው።

እስኪ ወደ ሰፈራችን እናምጣው። መገናኛ ታክሲ ሲጋፋ ስልኩን የተነጠቀ ልጅ አስቡ። ዋሌቱ ስልኩ ላይ ነው። ዋሌቱን መልሰው የሚከፍቱት 12 ቃላት ደግሞ ስክሪንሹት ተደርገው እዚያው ጋለሪ ውስጥ ናቸው፤ ያሠለጠነው ሰው «አስቀምጣቸው» ብሎ እንጂ የት እንደሚቀመጡ አልነገረውም። የባንክ መተግበሪያ ቢሆን መታወቂያውን ይዞ ቅርንጫፍ ሄዶ ተሰልፎ፣ ተበሳጭቶም ቢሆን፣ ገንዘቡን ያገኝ ነበር። እዚህ ግን ቅርንጫፍ የለም።

ወይም ሪያድ ሆና የዓመታት ልፋቷን በስልኳ የምታስቀምጥ እህት አስቡ። ክፉ አይንካት እንጂ አንድ ነገር ብትሆን፣ ባንክ ያለ ገንዘብ ከሆነ ቤተሰቧ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ይጠይቃል። ቢትኮይን ከሆነ ግን የትኛው ዳኛ ነው ብሎክቼይኑን የሚያዘው? ልጆቿ ሲያለቅሱ በአንድ ቻናል ላይ አንዱ «ስጦታ ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህን ነው አሳፋሪ ያልኩት።

5. ገደቡን የሚጠብቀው ሒሳብ ነው ወይስ ሰው?

«21 ሚሊዮን የሒሳብ ሕግ ነው፣ ማንም አይነካውም» ይሉናል። ኦገስት 15 ቀን 2010 በሶፍትዌሩ ስህተት በአንድ ብሎክ ውስጥ ከ184 ቢሊዮን በላይ ቢትኮይን ተፈጠረ። ሚሊዮን አላልኩም፣ ቢሊዮን። ሒሳቡ አልጮኸም፤ የጮኹት ሰዎች ናቸው። ገንቢዎች በሰዓታት ውስጥ ማስተካከያ አወጡ፣ ተጠቃሚዎች ተቀበሉት፣ ያ ብሎክ እንዳልነበረ ሆነ። በሴፕቴምበር 2018ም ከገደቡ በላይ ኮይን ለመፍጠር የሚያስችል ሌላ ስህተት ተገኝቶ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ተዘጋ።

ይህ ለቢትኮይን ማኅበረሰብ የሚያስመሰግን ነው፤ አልክድም። ግን ምን ማለት እንደሆነ እንወቅ። ገደቡ የቆመው ብዙ ሰዎች እንዲቆም ስለፈለጉ ነው። ቃል ኪዳን ነው፣ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ቃል ኪዳን ደግሞ ለማን እንደሚጠበቅ፣ ለማን እንደሚላላ የኢቴሪየም ታሪክ ያሳየናል። በጁን 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው የጋራ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ተወሰደ። ፈንዱ ውስጥ ገንዘብ ያስገባው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሕጉ ተለወጠ፣ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። በኖቬምበር 2017 ደግሞ ፓሪቲ በተባለው ዋሌት አንድ ሰው በነካካው ኮድ ምክንያት ከ513,000 በላይ ኢተር ተቆለፈ። ይመለስልን ብለው ጠየቁ፤ ማኅበረሰቡ እምቢ አለ። ያው ሰንሰለት፣ የአንድ ዓመት ከምናምን ልዩነት። የብዙኃኑ ገንዘብ ሲሆን «እናስተካክለው»፣ የጥቂቶች ሲሆን «ኮድ ሕግ ነው»። እንግዲህ መገናኛ ላይ ስልኩ የተነጠቀው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ንገሩኝ።

ሁሉም በቢትኮይን መንገድ እንዳልሄደም ማወቅ ጥሩ ነው። ሞኔሮ ከጁን 2022 ወዲህ በየሁለት ደቂቃው ብሎክ 0.6 አዲስ ኮይን ያለማቋረጥ እያወጣ ይቀጥላል። ጣሪያ የለውም። ጭማሪው ግን በዓመት ከአንድ በመቶ በታች ነው፣ እየቆየም በመቶኛ ይቀንሳል። በየጊዜው የተወሰነ ኮይን መጥፋቱ ስለማይቀር፣ አዲሱ የጠፋውን ይተካል፤ ጠቅላላው መጠን ወደ አንድ ደረጃ ተጠግቶ ይረጋል። በዚያ ላይ ሥርዓቱን የሚጠብቁት ማይነሮች ሁልጊዜ ደመወዝ አላቸው። ቢትኮይን ግን አዲስ ኮይን ማውጣት ሲያቆም ማይነሮቹ የሚኖሩት በዝውውር ክፍያ ብቻ ነው፤ ያ ይበቃ እንደሆነ እስከ ዛሬ ክርክር ነው። ሞኔሮ ግዙ እያልኩ አይደለም። ጥብቅ ጣሪያ ዋጋ ያለው ምርጫ መሆኑንና ያንን ዋጋ የሚነግረን እንደጠፋ ለማሳየት ነው።

6. «እንደ ወርቅ ነው» ለሚሉ

የተቀበረ ወርቅ ይቆፈራል። አያቶቻችን በማሰሮ የቀበሩት ጠገራ ብር ከመቶ ዓመት በኋላ ሲገኝ ያው ብር ነው፤ ያገኘው ይሸጠዋል፣ ቢያንስ ለጌጥ ይሆናል። የጠፋ ቁልፍ ግን ማረሻ አያወጣውም።

ከወረቀት ገንዘብ ጋርም እናወዳድረው። በሴፕቴምበር 2020 የብር ኖቶች ሲቀየሩ ለሦስት ወር ባንክ ሄዶ መቀየር ይቻል ነበር። ፍራሽ ውስጥ የደበቁ፣ ያልሰሙ፣ ያልደረሱ ሰዎች ገንዘባቸው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ያኔ ከመካከላችን «የአሮጊቷ ብር መቃጠሉ ለኛ ስጦታ ነው» ያለ ነበር? ቢል ምን ይባል ነበር? አዘንን፣ ጊዜው ይራዘም ብለን ተከራከርን። ታዲያ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ሲገባ ርኅራኄያችን የት ሄደ?

7. «ብሩስ? ብሩ አይረክስም ወይ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ጁላይ 2024 መጨረሻ ላይ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በብር የቆጠበ ሰው መደንገጡ፣ መጠለያ መፈለጉ ትክክል ነው። ገደብ የሌለው የገንዘብ ኅትመት ምን እንደሚያደርግ እኛን ማንም አያስተምረንም።

ነገር ግን ብሩ መታመሙ የቀረበልንን ሁሉ መድኃኒት አያደርገውም። «ብዛቱ የተወሰነ ነው» ማለት ዋጋ አለው ማለት አይደለም። በ2024 ስንቶቻችን ነን ሃምስተር ኮምባት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስንደበድብ ያደርነው? የዚያም ኮይን ብዛት የተወሰነ ነበር፤ 100 ቢሊዮን። ገደቡ ምን ጠቀመን? ዋጋ የሚኖረው የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው። እጥረት ብቻውን ዋጋ ቢሆን ኖሮ የኔ የአራተኛ ክፍል ደብተር ውድ ነበር፤ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ለሕዝብ አስታውቋል። ሕጉ ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሚያስከትለው ግን ግልጽ ነው፦ የተጭበረበረ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለመናገር ሁለት ጊዜ ያስባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው።

8. የምጠይቀው

ሥርዓቱ በጠፉ ኮይኖች አይፈርስም፤ ይህን እቀበላለሁ። ቢትኮይን እስከ መቶ ሚሊዮንኛ ስለሚከፋፈል ግማሹ ቢጠፋ እንኳን በቀረው መገበያየት ይቻላል። ሥርዓቱ ይተርፋል። የሚያሳስበኝ የእናንተ መትረፍ ነው።

ስለዚህ ለአሠልጣኞቹ፦ ስለ 21 ሚሊዮን አንድ ሰዓት የምትሰብኩ ከሆነ፣ 12ቱ ቃላት በወረቀት ተጽፈው የት እንደሚቀመጡ፣ ለምን ስክሪንሹት እንደማይደረጉ፣ ባለቤቱ ቢሞት ማን እንደሚያገኛቸው ሁለት ሰዓት አስተምሩ። ይህን ለማስተማር ጊዜ ካጣችሁ፣ ተማሪው ነገ «ስጦታ» እንዲሆንላችሁ እያዘጋጃችሁት ነው።

ለሚገዛው ደግሞ፦ «ብዛቱ የተወሰነ ነው» ያላችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። ስልኬ ዛሬ ማታ ቢጠፋ ምን አደርጋለሁ? እኔ ብሞት እናቴ በየት በኩል ታገኘዋለች? አንተ እኔ በመግዛቴ ስንት ታገኛለህ? ሦስቱንም ሳይንተባተብ ከመለሰ ቀጥላችሁ አነጋግሩት። ካልመለሰ ብራችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢረክስም የናንተ ነው።